የተዳፈነው ፍም፦ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ደሙ ለምን በየጊዜው ለቫይረስ ይመረመራል?

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ላቦራቶሪው ደጃፍ ከተሰለፉት መካከል የአንዲት ወጣት ቦርሳ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ኪኒን አለ። ተራዋ ደርሶ እጅጌዋን ስትሰበስብ ነርሷ «እህቴ፣ የጠዋቱን ወስደሻል?» ትላታለች። «አልወሰድኩም፣ ይኸው ይዤዋለሁ።» ደሟ በሦስት ትንንሽ ቱቦዎች ይቀዳል። ከዚያ እዚያው ወንበር ላይ እንዳለች ኪኒኗን ከሶፍቱ አውጥታ በያዘችው ውሃ ትውጣለች።

ይህች ሴት ታላቅ ወንድሟ ኩላሊቱን ከሰጣት ስምንት ወር ሆኗታል እንበል። የሚያማት ነገር የለም። እጥበቱን ረስታዋለች፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል፣ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ዘመድ ወዳጁ «ድነሽ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ፍለጋ ነው በየወሩ የምትወጊው?» ይላታል። ጥያቄው ከክፋት አይደለም፤ መልሱን የሚያስረዳ ሰው ስለጠፋ ነው።

ከሦስቱ ቱቦዎች አንዱ ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ይነግራል። ሁለተኛው የመድኃኒቱን መጠን ይለካል፤ ጠዋት ኪኒን ሳይዋጥ የሚቀዳውም ለዚህ ነው፤ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ በሚገኝበት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ነውና። ሦስተኛው ቱቦ ቫይረስ የሚፈለግበት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሦስተኛው ቱቦ ነው።

በመጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እየሠራ ነው?

ሰውነታችን ዘበኞች አሉት። የራሳችንን ከባዕድ ለይተው የሚያውቁ፣ ባዕድ ሲያዩ የሚረባረቡ ናቸው። ችግሩ የወንድም ኩላሊትም ለእነዚህ ዘበኞች ባዕድ መሆኑ ነው። ሊያድናት የመጣውን እንግዳ ሌባ ነው ብለው ይነሱበታል። ይህ «ሪጄክሽን» ወይም የተተከለውን አካል አለመቀበል ይባላል።

ስለዚህ ታካሚዋ ዘበኞቹን የሚያረጋጋ መድኃኒት በየቀኑ ትወስዳለች። በብዙ አገሮች የተለመዱት ሦስት ናቸው፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት እና ፕሬድኒሶሎን። ከሁሉ በላይ የሚያረጋጉት «ቲ ሴል» የሚባሉትን የነጭ ደም ሕዋሳት ነው። ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ ፈልገው የሚያጠፉት ደግሞ በዋናነት እነዚሁ ቲ ሴሎች ናቸው። እንግዳውን እንዳይነኩ የተነገራቸው ዘበኞች ሌባውንም ችላ ማለት ይጀምራሉ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ከቫይረስ ጋር የተለየ ጣጣ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ ከየት መጣ? ከቤት የማይወጣ ሰውስ ይያዛል?

ብዙ ቤተሰብ ታካሚውን ክፍል ውስጥ ዘግቶ፣ ጠያቂ ከልክሎ፣ ከቫይረስ የጠበቀው ይመስለዋል። ከጉንፋንና ከኮቪድ መጠበቁ ተገቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪሞች በብርቱ የሚፈልጓቸው ቫይረሶች ግን ከውጭ አይመጡም። አብዛኞቹ ድሮውኑ ውስጥ ናቸው።

እናቶቻችን እራት ሠርተው ሲጨርሱ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያለ አይመስልም፤ ጭስም የለው፣ ነበልባልም የለው። ጠዋት አመዱ ገለጥ ሲል ግን ፍሙ እንዳለ ነው፤ እፍ ቢሉት ይያያዛል። አንዳንድ ቫይረሶችም እንዲሁ ናቸው። በልጅነት ይገባሉ፣ ትንሽ ያስነጥሳሉ ወይም ጭራሽ ሳይታወቁ ያልፋሉ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ተዳፍነው ይኖራሉ። አመዱ የሰውነት መከላከያ ነው። የንቅለ ተከላው መድኃኒት አመዱን ያሳሳዋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ የለም። በልጅነት የወጣ ጉድፍ ቫይረሱን ነርቭ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ አቅም ሲደክም በጎን ወይም በፊት ላይ ተያይዞ ይነሳል።

ሁለተኛው መንገድ የተሰጠው ኩላሊት ራሱ ነው። የለጋሹ ፍም ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ይህ ለጋሹን አያስወቅስም፤ ፍጹም ጤነኛ ሰው ውስጥም ተዳፍኖ ያለ ነው።

«አይጂጂ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ሲመጣ መደንገጥ አለብን?

የለብንም፤ ይህ በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያይ ነው፤ «አይጂጂ» የሚባለው። የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር በሕይወቱ ተገናኝቶ ያውቃል?» የሚል ነው። አዎ ማለት ፍሙ አለ ማለት ነው እንጂ እሳት ተነስቷል ማለት አይደለም። ይህ ምርመራ የሚሠራው ከተከላው በፊት፣ ለለጋሹም ለተቀባዩም ነው።

ሁለተኛው ፒሲአር ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም የለመደው። ልዩነቱ እዚህ ላይ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ሳይሆን «በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ቅጂ አለ» ብሎ መቁጠሩ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «ቫይራል ሎድ» የሚሉት ልኬት ማለት ነው። ፒሲአር የሚነግረን እሳቱ አሁን እየተያያዘ እንደሆነ ነው። ሦስተኛው ቱቦ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቢኬ ቫይረስ፦ ሕመም የሌለው ጠላት

እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ኩላሊት ከተተከለለት አንድ ሱዳናዊ ሽንት አዲስ ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ቫይረሱን በታካሚው ስም የመጀመሪያ ፊደላት «ቢኬ» ብለው ጠሩት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ያው ነው። ዓለም ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይህን ቫይረስ በልጅነቱ እንደሚይዘውና ቫይረሱም በኩላሊትና በሽንት መተላለፊያ ሽፋን ውስጥ ተዳፍኖ እንደሚኖር ያወቀው ቆይቶ ነው። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት በሰፊው መሰጠት ከጀመሩበት ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የተተከለ ኩላሊትን የሚያበላሽ ዋና ቫይረስ ሆኖ ብቅ አለ።

ክፋቱ ዝምታው ነው። ትኩሳት የለው፣ ሽንት ሲሸና አያቃጥል፣ ጎን አይወጋ። መጀመሪያ ሽንት ውስጥ ይበዛል። ከሳምንታት በኋላ ወደ ደም ይገባል፤ ከ100 ሰው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት እዚህ ደረጃ ይደርሳሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ላይ ኩላሊቱ ራሱ ይቆስላል፣ ይጠባሰሳል። ክሪያቲኒን የሚጨምረው በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም አጥርቶ ማውጣት ያለበት ቆሻሻ ነው፤ ደም ውስጥ ከጨመረ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ክሪያቲኒንን ብቻ የሚጠብቅ ሰው እንግዲህ እሳቱን የሚያየው ጣራው ሲቃጠል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ያቺ ወጣት ክሪያቲኒኗ 1.1 ነበር፤ በዚህ ወር 1.7 ሆኖ መጣ እንበል። ምን ሆነች? አንዱ ጥርጣሬ ዘበኞቹ በኩላሊቱ ላይ ተነስተዋል የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ሕክምናው መድኃኒቱን ማጠንከር ነው። ሌላው ጥርጣሬ ቢኬ ኩላሊቱን እየበላ ነው የሚል ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው መድኃኒቱን መቀነስ ነው። ምልክቱ አንድ፣ መድኃኒቱ ተቃራኒ! ለቢኬ የማጠንከሪያውን መርፌ መስጠት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው፤ ለሪጄክሽን መድኃኒት መቀነስ ደግሞ ኩላሊቱን ለዘበኞቹ አሳልፎ መስጠት ነው። በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። የቫይረሱ ቁጥር በእጅ ከሌለ፣ ሲያስፈልግም ከኩላሊቱ በመርፌ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ፣ ሐኪሙ በጨለማ እየዳበሰ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ምልክት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ደሙ እስከ ዘጠነኛው ወር በየወሩ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እስኪሞላ በየሦስት ወሩ ለቢኬ እንዲመረመር ይመክራል። ቁጥሩ በሁለት ሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ከ1,000 በላይ ከሆነ፣ ወይም አንድ ጊዜም ቢሆን ከ10,000 ካለፈ፣ ሐኪሞች በአብዛኛው የንቅለ ተከላውን መድኃኒት ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይጀምራሉ።

«ለምን የቫይረሱን መድኃኒት አይሰጡንም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቢኬን በቀጥታ የሚገድል፣ መሥራቱ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሌቮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ተስፋ ተጥሎበት በጥናት ተፈትኖ ነበር፤ አልሠራም። ያለው መላ ለዘበኞቹ ትንሽ ቀና የማለት ፈቃድ መስጠት ነው። ዘበኞቹ ቫይረሱን ለማዳፈን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደሙ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ይታያል፤ ቫይረሱ ሲወርድ ኩላሊቱ ደግሞ በሌላ በኩል እንዳይጠቃ ነው። መድኃኒት የመቀነሱ ውሳኔ የሐኪሙ ብቻ ነው። «ለቢኬ ይቀነሳል ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ በራሱ ኪኒን የዘለለ ሰው የወንድሙን ኩላሊት ሊያጣ ይችላል።

ሲኤምቪስ?

ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ በአጭሩ ሲኤምቪ፣ ከቢኬ በተለየ ሰውየውን ያሳምማል። ትኩሳት፣ ድካም፣ የነጭ ደም ሕዋስ መቀነስ፣ ሲብስ ተቅማጥ፣ የጉበት ወይም የሳንባ ቁስለት። ደግነቱ መድኃኒት አለው።

ለሲኤምቪ ትልቁ ጥያቄ ለጋሹና ተቀባዩ ከተከላው በፊት ቫይረሱን ያውቁታል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱም ካወቁት፣ የተቀባዩ ዘበኞች ጠላታቸውን በመልክ ያውቁታል፤ አደጋው መካከለኛ ነው። ከባዱ ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ አይቶት የማያውቅ ከሆነ ነው። አዲስ ጠላት፣ ያውም ዘበኞቹ አንገታቸውን በደፉበት ሰዓት።

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው አዋቂ ሰው በልጅነቱ ከሲኤምቪ ጋር ተገናኝቷል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ንቅለ ተከላ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ኩላሊት የሚሰጠውም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁለቱም ወገን ፖዘቲቭ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዳያስፖራው ዘንድ ግን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ተወልዶ ያደገ ልጅ ቫይረሱን ሳያገኝ ለአቅመ አዳም ሊደርስ ይችላል፤ ኩላሊት የምትሰጠው እናቱ ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገች ናት። እናትና ልጅ ሆነው ከባዱ ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ልጁ ከመታከሙ በፊት ይህን ማወቅ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል።

መከላከያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቫልጋንሲክሎቪር የሚባለውን ኪኒን ቀድሞ መስጠት ነው፤ ለከባዱ ምድብ 6 ወር ያህል፣ ቀድሞ ቫይረሱን ለሚያውቀው ደግሞ 3 ወር ያህል። ሌላው ኪኒኑን ሳይሰጡ ደሙን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ በፒሲአር መከታተልና ቫይረሱ ብቅ ሲል ሕክምና መጀመር ነው። ሁለተኛው መንገድ ኪኒን ይቆጥባል፤ ውጤቱ በቶሎ የሚደርስ ላቦራቶሪና ቀጠሮ የማያሳልፍ ታካሚ ግን የግድ ያስፈልገዋል። የደም ውጤት ሦስት ሳምንት በሚቆይበት ቦታ ይህን መንገድ መምረጥ እኔ ትክክል አይመስለኝም።

ቫልጋንሲክሎቪር ርካሽ አይደለም፤ የነጭ ደም ሕዋስንም ይቀንሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ለማብቃቃት ብሎ ኪኒኑን ከፋፍሎ ይወስዳል። ይህ አደገኛ ነው፤ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት ያገኘ ቫይረስ መድኃኒቱን ይለማመደዋል። ችግር ካለ ለሐኪም በግልጽ መንገር ይሻላል። ኪኒኑ በታዘዘው ቀን ካለቀ በኋላም ያሉት ጥቂት ወራት እንቅልፍ የሚተኛባቸው አይደሉም፤ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ያኔ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበል። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ መጠጣት ከልጅነታችን ያለ ነገር ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ወደሚከታተለው ሐኪም መደወል አለበት። ተቅማጥም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ እንዲሁ። አንጀት ላይ ያረፈ ሲኤምቪ ደም ውስጥ ላይታይ ይችላል፤ «የደሙ ውጤት ንጹህ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ሐኪሙ የአንጀት ምርመራ ሊያዝ ይችላል።

ሌሎቹ ቫይረሶች

ኤፕስቲን-ባር የሚባለው ቫይረስ ተቀባዩ ቀድሞ ካላወቀው፣ በተለይ ሕፃናት ላይ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ እንዲራቡ አድርጎ ወደ ዕጢ ሊያመራ ይችላል። አንገት ወይም ብብት ላይ እብጠት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ሲታይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ቲቢን ነው። ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ሄፓታይተስ ቢ፣ ሰው «የጉበት ቫይረስ» የሚለው፣ ሌላው የተዳፈነ ፍም ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ከተከላው ጀምሮ መከላከያ ኪኒን ይወስዳል፤ በራሱ ካቆመው ጉበቱ በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ያልተያዘ ሰው ክትባቱን ገና እጥበት ላይ እያለ መውሰድ አለበት፤ ከተከላ በኋላ ክትባቱ የሚያመጣው መከላከያ ደካማ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ግን ዛሬ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ኪኒን ይድናል።

ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ወር 2,000 የነበረ ዛሬ 3,500 ሆኖ ሲመጣ ቤቱ ይረበሻል። ቫይረስ የሚራባው በብዜት ስለሆነ ቆጠራውም በዚያው ዓይን ነው የሚነበበው። በግምት ከሦስት እጥፍ ያነሰ ልዩነት የመሣሪያው ራሱ መወላወል ሊሆን ይችላል፤ 2,000 ወደ 20,000 ሲያድግ ግን እውነተኛ ለውጥ ነው። ደግሞም የአንዱ ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር እኩል አይመጣም። አንዱ «ቅጂ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ዓለም አቀፍ ዩኒት» ብሎ። ስለዚህ ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መመርመር ይመረጣል፤ ካልተቻለም ወረቀቱ ላይ ያለውን መለኪያ አብሮ ማሳየት ነው።

ህንድ ሄደው ኩላሊት አስተክለው የሚመለሱ ብዙ ወገኖች አሉን። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት አራት ነገር የያዘ ወረቀት መኖሩን ያረጋግጡ፦ የለጋሹና የተቀባዩ የሲኤምቪ ውጤት፣ የመከላከያው ኪኒን የተጀመረበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የመጨረሻው የቢኬ ቁጥር፣ እና በተከላው ሰሞን የተሰጠው የማረጋጊያ መርፌ ስም። አገር ቤት የሚረከበው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃቸው እነዚህን ነው። በኋላ ከሌላ አገር ሆስፒታል በስልክ ማግኘት ፈተና ነው።

ለጉዞ ስለ ቢጫ ወባ ክትባትም አንድ ቃል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ አለበት። ጤነኛ ሰው አይጎዳውም፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን መወጋት የለበትም። ጉዞ ያለው ሰው ከሐኪሙ የነፃ መሆኛ ደብዳቤ ይዞ ነው መነሳት ያለበት። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባትም እንዲሁ ሕያው ስለሆኑ የሚወሰዱት ከተከላው በፊት ነው።

ታዲያ መቼ ያበቃል?

ያቺ ወጣት ሁለት ዓመት ሲሞላት በየጊዜው የሚደረገው የቢኬ ምርመራ ሊቆምላት ይችላል። ያኔ መድኃኒቶቿም ከመጀመሪያው ወር ያነሱ ይሆናሉ፣ አመዱም ወፈር ይላል። ሁለቱ ሌሎች ቱቦዎች ግን ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይቀጥላሉ። ክሪያቲኒኗ ያለ ግልጽ ምክንያት ከጨመረ ሦስተኛው ቱቦ በዚያው ቀን ይመለሳል። ሪጄክሽን ተነስቶባት በጠንካራ መርፌ ከታከመችም፣ ዘበኞቹ እንደገና አንገታቸውን ስለሚደፉ፣ ወርሃዊው ምርመራ ለተወሰኑ ወራት እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የሲኤምቪ ኪኒንም ብዙ ጊዜ አብሮ ይመለሳል።